የውስጥ ኪስ

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዳኛዬ፤

ይህች ወረቀት በጤናህና በሥራህ ላይ ታግኝህ። እኔ ጉልበቴ ከማስቸገሩ በቀር ደኅና ነኝ፤ ይህም ደኅና ከተባለ። በስልክ የጀመርኩትን ሁሉ በለቅሶ እየጨረስኩ አስቸገርኩህ፤ አንተም “ስብሰባ ገባሁ እትዬ” እያልክ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ልጻፍ አልኩ። ደብዳቤ ሲያለቅስ አይሰማም።

እጄ ቀርፋፋ ነው። ከሆስፒታሉ አንሶላ ማጠቢያ ክፍል ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከስሜ ሌላ የጻፍኩት ነገር የለም። ጎረቤቴ ጡረተኛው ፖስተኛ በበሩ ባለፈ ቁጥር አንገቱን እያስገባ “ዛሬም ሰላምታው ላይ ነሽ?” ይለኛል። እሱ በሕይወቱ የሰው ደብዳቤ ሲያድል ኖሮ አንድም የራሱን አልጻፈም።

የልጄ እቃ መጥቷል። ኩባንያው በካርቶን አሽጎ ልኮታል። አልከፈትኩትም። አንዴ አልጋ ሥር አስገባዋለሁ፣ አንዴ ቁም ሣጥን ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ደግሞ አወርደዋለሁ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ የትም ባኖረው ፊቴ ነው።

ከካርቶኑ ጋር አንድ ወረቀት አለ፤ ትርጉሙን ከጎኑ ጽፈውበታል። “ሟች የአሳንሰሩን ዋና ማብሪያ በራሱ ጓጉንቸር ሳይቆልፍ ከሥር በመግባቱ፣ በራሱ ቸልተኝነት ሕይወቱ አልፏል” ይላል። አንተም ስለ እኔ ሆነህ እንደፈረምክበት አየሁ።

ይህን “በራሱ ቸልተኝነት” የሚለውን አስነሣልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም። ጠበቃ ነህ፤ ለባዕድ ሁሉ የምትከራከር ሰው ነህ። ብሎንን ወደዚያ አገር የወሰድከው አንተ ነህ። ይህን ለወቀሳ አላልኩም። ሁለታችሁንም በአንድ አልጋ አሳድጌ፣ አንተን የልጆች ጠብ ሳትፈርድ ስለማትተኛ ዳኛ፣ እሱን ያልፈታው ነገር ስለሌለ ብሎን ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ማን ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

አክስትህ


ጥር 2

እናትም አክስትም ለሆንሽኝ እትዬ፤

ሰላምታዬ ከደጅሽ ገብቶ አጠገብሽ ይቀመጥ። መልሴ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ፤ ደብዳቤሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ ሁልጊዜ አየው ነበር።

ነገሩን በግልጽ ላስረዳሽ። እዚህ አሳንሰር የሚጠግን ሰው ዋናውን ማብሪያ ያጠፋና የራሱን ጓጉንቸር ይሰቅልበታል። ቁልፉን ኪሱ ይከታል። የአንድ ጓጉንቸር ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። ሰውየው ወጥቶ ራሱ እስኪከፍተው ድረስ፣ አለቃ ቢመጣ ባለቤት ቢመጣ፣ ማንም መብራቱን አይመልስም። ብሎን ከአሳንሰሩ ሥር ሳለ ግን መብራቱ ተመለሰ። መርማሪዎቹ ኪሱን ፈትሸው ቁልፍ አላገኙም። ቁልፍ ከሌለ ጓጉንቸር አልሰቀለም ማለት ነው ተባለ። የፈረምኩትም ለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም።

አሁንም የምነግርሽ እውነቱን ነው። ተራ ጠበቃ በስምምነት የተዘጋ መዝገብ አያስከፍትም። ቢሮዬን ብታዪው ይገባሽ ነበር፤ ከልብስ ንጽሕና ቤት በላይ ነው፤ እንፋሎቱ በወለሉ ስንጥቅ እየወጣ ወረቀቶቼን ያጣምማቸዋል። እዚህ ቁጭ ብዬ የምለውጠው ነገር የለም። ለግዛቱ ምክር ቤት ልወዳደር ነው። እንደራሴ ብሆን ሕግ አወጣለሁ፣ ሕግ ደግሞ ሁሉን ነገር ይከፍታል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የብሎንን ፎቶ ላኪልኝ። በሥራ ልብሱ ቢሆን ጥሩ ነው። ሰዎች ስለ ማን እንደምናገር ፊቱን ይዩት።

እጅሽን የምስም

ዳኛሽ


የካቲት 20

ለዳኛዬ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ እንደተውከኝ ነኝ።

ፎቶውን ልኬልሃለሁ። በሥራ ልብስ የለኝም። ይህ የጎረቤታችንን ማራገቢያ ፈታትቶ ጭኑ ላይ በትኖ ሲስቅ ያነሣኸው ነው። ማራገቢያው ተመልሶ አልገጠመም፤ ጎረቤቲቱ አሁንም ታነሣብኛለች። ሌላ ፎቶ ስለሌለኝ ተጠቅመህ መልስልኝ።

“ብሆን” ያልካትን ቃል አሰብኳት። ልጅ ሆነህም “ብፈርድላችሁ ምን ትሰጡኛላችሁ?” ትል ነበር። እየቀለድኩ ነው። ግን መቀመጥ አቅቶኛል። ሻይ እጥድና ሳልጠጣው መስኮት ጋ እሄዳለሁ፤ ከመስኮቱ ተመልሼ ለምን እንደሄድኩ እረሳለሁ። ገበያ ስወጣም በደረጃ ነው። የሕንፃችን አሳንሰር ደኅና ይሠራል፣ እኔ ግን አልገባበትም። ፖስተኛው “ከአሳንሰሩ ጋር ምን ተባባላችሁ? በጉልበትሽ ከምትቀጪው ላስታርቃችሁ” ይለኛል። ሣቅሁለት።

የጠየቅሁህን እንዳትረሳ። ቃሉን።

ፈጣሪ በሄድክበት ይቅደምህ።

አክስትህ


ግንቦት 14

ለውድ እትዬ፤

ካለፈው ደብዳቤሽ ወዲህ ዓመት አለፈ፤ ይህን ያህል መዘግየት የልጅ ወግ አይደለም። ግን ደስ የሚል ወሬ ይዤ መጥቻለሁ። ተመርጫለሁ። አሁን የምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የራሴ ወንበር አለኝ። ከፊት ለፊቴ አንዲት አዝራር አለች፤ እሷን ካልተጫንኩ ድምፄ ለማንም አይሰማም። የመጀመሪያ ቀን ሳልጫናት ረጅም ንግግር አድርጌ ጨረስኩ። ብሎን ቢኖር ሆዱን ይዞ ይስቅብኝ ነበር።

ሕጉም ጸድቋል። በልጅሽ ስም ነው የሚጠሩት። ከእንግዲህ ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ ጠጋኝ ጓጉንቸር መግዛት አለባቸው። ጠጋኙም መስቀል አለበት፤ ሳይሰቅል ከተገኘ ይቀጣል፤ ሳይሰቅል አደጋ ከደረሰበትም ቤተሰቡ ካሣ አይጠይቅም። ይህ የመጨረሻው ኩባንያዎቹ እንዳይቃወሙን የጨመርነው ነው። ጠንከር ያለ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰው የሚጠነቀቀው ግን ሲጠነክርበት ነው።

የብሎን ፎቶ በየፋብሪካው በር ላይ ተለጥፏል። አንዱን አብሬ ልኬልሻለሁ። ከሥሩ የተጻፈው “አንድ ጊዜ ረሳ” ማለት ነው።

ቃሉን አልዘነጋሁም። ነገር ግን እኛ ሕግ እናወጣለን እንጂ መዝገብ አንከፍትም። መዝገቡ ያለው በሥራ ቦታ ደኅንነት ባለሥልጣን እጅ ነው። ለዚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ደግሞ ስሜ እየተነሣ ነው። ትንሽ ታገሺኝ።

ልጅሽ


ሐምሌ 3

ለእንደራሴው፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። እንኳን ተመረጥክ።

ፎቶ ያለበትን ወረቀት ፖስተኛው ነው የዘረጋልኝ። “ልጁ አምሮበታል” አለ። ከዚያ ከሥሩ ያለው ምን ማለት እንደሆነ ከደብዳቤህ አነበብኩለት፤ ወረቀቱን መልሶ አጠፈው።

ዳኛዬ፣ ልጄ ብዙ ይረሳ ነበር። መደወል ይረሳል። የተሰጠውን መልእክት ይረሳል። የጎረቤት ማራገቢያ መልሶ መግጠም ይረሳል። ቁልፍ ግን አይረሳም። ለምን እንደማይረሳ አንተ ጠፍቶህ ነው? ሰባት ዓመቱ ሳለ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ጣለና ሦስታችንም ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን አመሸን። አንተ “ሁለተኛ ቁልፍ አይሰጠው” ብለህ ፈረድክበት። እሱ አለቀሰ። እኔ በነጋታው ከሱሪው ወገብ በውስጥ በኩል፣ ከቀበቶው ሥር፣ ኪስ ሰፋሁለት። ትንሽ ኪስ፣ ባለ አዝራር፣ ከውጭ የማይታይ። “ቁልፍ የሚኖረው እዚህ ነው” አልኩት። አንተም ቀንተህ “ለኔስ?” ስላልክ ላንተም ሰፋሁ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ጠፍቶበት አያውቅም። ወዳንተ ሲመጣም የሥራ ሱሪዎቹን ሁሉ ሰፍቼ ነው የሸኘሁት። “እማ፣ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ እኮ” እያለ እሺ አለኝ።

ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ ተናደድኩ። ንዴት ደግ ነው፤ ለቅሶ ያላስከፈተኝን ካርቶን ከፈተልኝ። በመቀስ ቀደድኩት። ጃኬቱ፣ ጫማው፣ ከጫማው ውስጥ የተጠቀለለ አንድ ካልሲ፣ ሱሪው። የማሽን ዘይት ይሸታል። ላጥበው ብዬ በገንዳ ውሃ ቀዳሁ። አንሶላ ክፍል ውስጥ ኪሱ ሳይፈተሽ ውሃ የሚገባ ልብስ የለም፤ በሽተኛ ብዙ ነገር ይረሳልና። የፊት ኪሶቹን አየሁ፣ ባዶ ናቸው። የኋላው ባዶ ነው። ከዚያ እጄ ራሱ ወደ ወገቡ ሄደ።

አዝራሩ ተቆልፏል። ፈታሁት።

ትንሽ የነሐስ ቁልፍ ናት። 417 የሚል ተቀርጾባታል።

ውሃውን ደፋሁት። ሱሪውን አላጠብኩም።

አሁን አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ጠበቃ ነህ። “ቁልፍ የለም” ሲሉህ “የት ፈለጋችሁ?” ብለህ ነበር?

አክስትህ


ጥር 18

ከሥራ ቦታ ደኅንነት ባለሥልጣን

የዋና ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ስለ ቁልፍ

ሐምሌ 3 የጻፉት ደብዳቤ ለጽሕፈት ቤታችን ደርሷል። አዲሱ ተጠባባቂ ዋና ዳይሬክተር ለእርስዎ ያላቸውን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጹ፣ ከሟች ጋር የሥጋ ዝምድና ስላላቸው በጉዳዩ ላይ መወሰን የማይችሉ መሆኑን እንድናሳውቅዎ አዘዋል። ሆኖም ቁልፉን በአደራ ደብዳቤ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ቢልኩልን አግባብ ላለው ክፍል እንመራዋለን።

ከሰላምታ ጋር

ስለ ዋና ዳይሬክተሩ፣ ጸሐፊ

(ከሥሩ በእጅ የተጻፈ) እትዬ፣ ሥራው ፋታ አልሰጠኝም። ቁልፏን ብቻ ላኪያት።


የካቲት 6

ለዋና ዳይሬክተሩ፤

ሰላምታዬ በጸሐፊዎ በኩል ይድረስዎ።

እንዲህ ልጻፍልህ? ዕድሜ ልክህን አንቺ ስትለኝ ኖረህ፣ በማኅተም እርስዎ አስባልከኝ። ፖስተኛው ሲያየው “ይኼ ሹመት ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ” አለኝ። ከዚያ ግን “ቁልፏን አትላኪ” አለኝ። “ለምን?” አልኩት። “‘አግባብ ያለው ክፍል’ የሚባለውን አድራሻ ሠላሳ ዓመት ስፈልገው አላገኘሁትም” አለ።

እኔም አልልክም። ያለችኝ እሷ ናት።

ነገርህን ልሰብስበው፤ አንዳንዴ ይምታታብኛል። ጠበቃው አቅም የለውም። እንደራሴው መዝገብ አይከፍትም። ሹሙ ደግሞ ዘመድ ነው። በወጣህ ቁጥር እጅህ ያጥራል። እዚህ እኔ ቤት እያለህ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ስኳር ያለ ወንበር ታወርድ ነበር።

ዘመድ ከሆንክ እንግዲያው እንደ ዘመድ አንድ ነገር አድርግልኝ። ቁልፍ ካለች ጓጉንቸር ነበረ። ጓጉንቸር ብረት ነው፣ እንደ ጤዛ አይተንም። ከዚያ ሕንፃ ያነሡት ዕቃ መሥሪያ ቤትህ ውስጥ አለ ይሆናል። በጸሐፊ አትላክ። ራስህ ሂድና ፈልግ።

ፎቶዬን አልመለስክልኝም።

አክስትህ


መጋቢት 27

ለእትዬ፤

ይህን የምጽፈው ቤቴ፣ በእጄ ነው። ጸሐፊዋ አታየውም። እንደምን ነሽ ብዬ እንኳ ለመጠየቅ አፍሬአለሁ።

ወረድኩ። የመሥሪያ ቤታችን ግምጃ ቤት ከመኪና ማቆሚያው በታች ነው። ጠባቂው ዳቦውን እየቆረሰ ነበር፤ አልተነሣልኝም። “ከላይኛው ፎቅ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያዬ ነው” አለኝ። “አሳንሰሩ እዚህ ድረስ እንደሚወርድ ማን ነገረዎት?”

“አክስቴ” አልኩት።

“መጀመሪያ እሳቸውን ነበር መሾም” አለና ቁልፉን አነሣ።

ከዚያ ሕንፃ የመጣው አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ነው። የተቃጠለ ሽቦ፣ ሁለት ብሎን፣ የአምፖል ስባሪ፣ አንድ ጓጉንቸር። ማንጠልጠያው በብረት መቁረጫ ተቆርጧል። “ከማብሪያው ሥር ወለል ላይ የተገኘ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ አሮጌ ጓጉንቸር” የሚል ካርድ ታስሮበታል። አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። 417።

ልጅሽ ሰቅሎ ነበር እትዬ። መብራቱን የመለሰው የሕንፃው አለቃ ነው፤ ያን ቀን ተከራይ ዕቃ ሊያስገባ አሳንሰሩን ሲጠብቅ እንደነበር መዝገቡ ላይ አለ። እሱ ነው የቆረጠው፣ ወይም አስቆርጦታል። ጓጉንቸሯ ወለሉ ላይ ወድቃ ቀረች፣ ማንም የኔ ናት የሚላት አልነበረም።

አሁን ደግሞ የምለውን በትዕግሥት ስሚኝ። እኔ ገና ተጠባባቂ ነኝ። ሹመቴን ምክር ቤቱ በሰኔ ድምፅ ይሰጥበታል። ይህ ነገር ዛሬ ከወጣ “ሕጉ የቆመው በሐሰት ላይ ነው፤ የአክስቱን ልጅ ስም ሸጦ ነው የወጣው” ይላሉ። ሹመቱም ሕጉም አብረው ይወድቃሉ። ከጸደቀልኝ በኋላ ግን ሁሉም በእጄ ነው፤ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ። እስከዚያ ቁልፏን ለማንም አታሳዪ። ሦስት ወር ምን አላት?

የሚወድሽ


ሚያዝያ 15

ለልጄ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። “ሰቅሎ ነበር” ያልክበትን ቦታ እያነበብኩ ሰነበትኩ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ለማንበብ ጊዜ ወሰደብኝ።

አልጮህኩም። ደረጃውን ወርጄ፣ ወጥቼ፣ እንደገና ወረድኩ። ፖስተኛው በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። “ምን ጠፋሽ?” አለኝ። “ምንም፤ የጠፋው ተገኘ” አልኩት።

ሦስት ወር ምን አላት ትላለህ። ለኔ እውነትህን ነው፣ ምንም የላት። ግን ፋብሪካ በር ላይ የተለጠፈው የኔ ልጅ ፊት ነው። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ ሁሉ “ረሳ” እያለ በሥሩ ያልፋል። ደግሞ አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ፦ በሕግህ የተነሣ “ልጅሽ አልሰቀለም” ተብላ ካሣ የተከለከለች ሌላ እናት አለች? ካለች፣ ማን ያውቃል፣ እሷም ኪስ ሰፍታ ይሆናል።

ሱሪውን ልኬልሃለሁ። ወደ መሥሪያ ቤትህ አላልኩትም፤ ወደ ቤትህ ነው። ፖስተኛው ነው ያሸገልኝ። “ሱሪ በአደራ ሲላክ ዛሬ አየሁ” አለ፤ ግን ገመዱን ደጋግሞ አጠበቀልኝ። ቁልፏን እንደነበረች ወደ ኪሱ መልሼ አዝራሩን ቆልፌያለሁ።

እንዲህ አድርግ። ያኔ ልጄን ፈትሸው “የለም” ያሉትን ሰዎች ጥራ። ሱሪውን ስጣቸው። ይፈልጉ። ቦታውን አትንገራቸው፤ የፈለጉትን ያህል ይፈልጉ።

ወይም ደግሞ አዝራሩን ፈተህ ቁልፏን ወንዝ ጣላት። ማንም አያይህም፣ እኔም ምስክር የለኝም። የነበረችኝ አንዲት ነገር ናት፣ እሷንም ሰጥቼሃለሁ። ዳኛ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ፍረድ።

አክስትህ


ሰኔ 22

ለእናቴ፤

ይህ ደብዳቤ ሰላም ሆነሽ፣ ቁጭ ብለሽ ያግኝሽ።

ጥቅልሽ ሲደርስ ብዙ ቀን ሳልፈታው ወንበር ላይ አኖርኩት። አንዴ ወንበር ላይ፣ አንዴ መደርደሪያ ላይ። ካርቶኑን መክፈት ለምን እንዳቃተሽ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ስሜን ከሹመቱ እንዲሰርዙት ለምክር ቤቱ ጻፍኩ። ዘመድም ሹምም ሆኜ ችሎት መግባት አልችልምና አንዱን ተውኩት። መዝገቡ እንዲከፈት የጠየቅሁት ወንበሩን ካስረከብኩ በኋላ፣ እንደ ማንም ሰው፣ ሰልፍ ይዤ ነው።

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነው፤ መስኮቱ አይከፈትም። ሦስት ሰዎች ተሰይመው ነበር፤ የመሐሏ ሴት ሰብሳቢ ናት። የሕንፃው አለቃ ከጠበቃው ጋር ተቀምጧል። ያኔ ብሎንን የፈተሸው ተቆጣጣሪ ተጠራ። ሱሪውን ሰጠሁት። “ይፈትሹልኝ” አልኩት።

የፊት ኪሶቹን ወደ ውጭ ገለበጣቸው። የኋላውን አየ። ጨመደደው፣ አራገፈው፣ እግሮቹን እስከ ታች ዳበሰ። ጠበቃው “ይህ ጊዜ ማባከን ነው” አለ።

“ምንም የለም” አለ ተቆጣጣሪው።

“ያኔም የፈተሹት እንዲህ ነው?” አለችው ሰብሳቢዋ።

“ልክ እንዲህ ነው።”

“ይጻፍ” አለች።

ከዚያ “የት የት ፈለጉ?” አልኩት። ነገረኝ። ሱሪውን ተቀበልኩት። እትዬ፣ ማየት አላስፈለገኝም፤ ጣቴ ቦታውን ያውቀዋል። አዝራሩን ፈታሁና ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

የተቆረጠው ጓጉንቸር ከግምጃ ቤት መጥቶ ስለነበር ሰብሳቢዋ ራሷ ቁልፏን ከተተችው። ማንጠልጠያው ተቆረጠ እንጂ ሆዱ ደኅና ነው። ዞረ። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። የሕንፃው አለቃ ከጠበቃው ቀድሞ መናገር ጀመረ፤ “ጠዋት ተረስቶ የቀረ መስሎኝ ነው የቆረጥኩት” አለ።

ያ ቃል ተነሥቷል። አዲሱ ወረቀት አብሮ አለ። “ሟች ማብሪያውን በራሱ ጓጉንቸር ቆልፎ፣ ቁልፉን በአካሉ ይዞ ሳለ” ነው የሚለው። ከየፋብሪካው በር ፎቶውን እያነሡ ነው፤ ያንቺንም መልሼልሻለሁ። ሕጉ እንዲታረም ለቀድሞ ባልደረቦቼ ጽፌያለሁ፤ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

እኔ ከልብስ ንጽሕና ቤቱ በላይ ወዳለው ቢሮዬ ተመልሻለሁ። እንፋሎቱ እንዳለ ነው። የመጀመሪያዋ ባለጉዳዬ ልጇ “አልሰቀለም” የተባለባት ሴት ናት። ስትመለስ የልጇን የሥራ ልብስ ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት።

ሱሪውና ቁልፏ መዝገቡ ዘንድ ይቆዩ ወይስ ይመለሱልሽ ብለው ጠይቀውኛል። ምን ልበላቸው?

ልጅሽ


ሐምሌ 19

ለዳኛዬ፤

ዕድሜህ ይርዘም፤ መንገድህ ይቃና።

ወረቀቱን ፖስተኛው ጮክ ብሎ አነበበልኝ። “ቁልፉን በአካሉ ይዞ ሳለ” ላይ ሲደርስ ድገመው አልኩት። “ደግሜዋለሁ እኮ” አለ። እንደገና አስደገምኩት።

ፎቶው ደርሷል። ጥጉ ታጥፏል፤ ግድ የለም።

ቁልፏ እነሱ ዘንድ ትቅር። ሥራዋን ጨርሳለች።

ሱሪውን ግን መልስልኝ። አሁን አጥበዋለሁ።

አክስትህ